የጋሸበ ጤፍና የአገዳው ግድግዳ

በመስከረም መጨረሻ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ማሳ ያየ ሰው ኀዘናችንን ያውቀዋል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመው ጤፍ በአንድ ሌሊት ዝናብና ነፋስ ጋሽቦ ምንጣፍ መስሎ ይገኛል። ዐምና የእኛም ማሳ እንዲሁ ሆነና አባቴ «ማዳበሪያው በዛበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ቁመቱና ዛላው ሲጨምር አገዳው መሸከም ያቅተዋል። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የወጣው ቁንጮ እንኳ፣ በምርቱ ቢወደድም፣ ከመጋሸብ አልዳነም።

የዕፀዋት ሕዋስ በግድግዳ የታጠረ መሆኑን ሁላችንም ለፈተና አጥንተናል። ነገር ግን ይህ ግድግዳ አንድ ጊዜ ተመርጎ የሚቀር አይደለም። ሴሉሎስን እንደ ማገር ብንቈጥረው፣ አንዳንድ ኤንዛይሞች ማገሩን ያሰረውን ልጥ እየቈረጡ መልሰው ይቀጥሉታል፤ ሕዋሱ የሚያድገው በዚህ ነው። ሌሎች ደግሞ አገዳን እንጨት የሚያስመስለውን ሊግኒን ያዘጋጃሉ። ኤንዛይሞቹን የሚያሠሩት ጂኖች ከአንድ አያት እንደ ተወለዱ ዘመዳሞች ናቸው። አራቢዶፕሲስ የምትባለው ትንሽ የምርምር ተክል ከልጥ ቀጣዮቹ ብቻ 33 አሏት፤ አንዱ ለሥር፣ አንዱ ለቅጠል ይሠራል። ከመካከላቸው ዝናብ ሲመታት፣ ነፋስ ሲወዘውዛት ወይም እጅ ሲነካት የሚነቃም አለ! (ይህን ባነበብሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።)

የጤፍን የጂን መዝገብ ረቂቅ በበርን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ዘሪሁን ታደለና ባልደረቦቻቸው በ2006 ዓ.ም. አሳትመዋል። ጤፍ ከሁለት ጥንታዊ ወላጆች የወረሰ ስለሆነ ብዙው ጂን መንትያ አለው፤ አንዱ ቢሰንፍ ሌላው ይሸፍንለታል። የአዳቃዮቹ ሥራ የከበደው አንድም በዚህ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ሊግኒኑን አብዝቶ አገዳውን ማጠንከር ነዋ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ጭዱን የሚበላው በሬ ነው፤ ሊግኒን የበዛበት ጭድ ደግሞ በከብት ሆድ በቀላሉ አይፈጭም። ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ቤታችንን የሚመርገውም ይኸው ጭድ ነው። ስለዚህ አዲስ ዘር ሲመረጥ እህሉ ብቻ ሳይሆን ጭዱም ለበሬ ቀርቦ ይፈተን፤ ገበሬውም ይጠየቅ እላለሁ።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እለምናለሁ። በሚመጣው ክረምት በግቢያችን ሁለት መደብ ጤፍ እንዝራ። አንዱን ሳንነካ እንተወው፤ ሌላውን ጧት ጧት በሸምበቆ እያሻሸን አገዳው ይጠነክር እንደሆነ እንለካ። ዘሩን ከቤት እኔ አመጣለሁ።