ቆዳችን ግድግዳ አይደለም

ወደ አንድ ጋራዥ ጎራ ቢሉ ይህን ማየትዎ አይቀርም፤ መካኒኩ ሥራውን ሲጨርስ ናፍጣ ወይም ቤንዚን በቆርቆሮ ይቀርብለትና እጁን እስከ ክርኑ ይታጠብበታል። ግራሶው ወዲያው ይለቃል። ሥራ የሚለምደው ልጅም ከአለቃው ያየውን ይደግማል። ስለምንበላውና ስለምንጠጣው ብዙ እንጠነቀቃለን፤ በቆዳችን በኩል ስለሚገባው ግን እምብዛም አናስብም። በእኔ እምነት በነዳጅ መታጠብ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው።

ብዙዎቻችን ቆዳን ምንም እንደማያሳልፍ ግድግዳ እንቆጥረዋለን። የቆዳ የላይኛው ሽፋን ውኃን የሚከለክለው ግን በውስጡ ባለው ቅባት ነው። ናፍጣ፣ ቤንዚንና ላምባ ደግሞ ቅባትን ያሟሟሉ። ግራሶውን ሲያለቅቁ የቆዳውንም ቅባት ይዘው ይሄዳሉ። እጅ የሚደርቀው፣ የሚሰነጣጠቀውና የሚያሳክከው ለዚህ ነው። በተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ ነዳጁም ጀርሙም በቀላሉ ይገባል።

ጉዳቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ በቫዝሊን በታከመ ነበር። ቆዳ ግን ከመሸፈኛነቱ ሌላ የሰውነት መከላከያ ኃይል የጥበቃ ጣቢያም ነው። ባዕድ ነገር ሲገባ ይዘው ለነጭ የደም ሴሎች የሚያሳውቁ ሴሎች በውስጡ ይገኛሉ። ነዳጅ ይህን ጥበቃ ሊያዳክም ይችላል።

በአሜሪካ ሂውስተን ከተማ በሚገኘው ኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ተመራማሪ የነበሩት ስቴፈን ኡልሪች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ የጦር አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ጄፒ-8 የተባለ ነዳጅ በአይጦች ቆዳ ላይ ተቀብቶ ነበር። በአንድ ጊዜ በብዛትም ሆነ በትንሽ በትንሹ ለተከታታይ ቀናት የተቀቡት አይጦች የመከላከል አቅማቸው ተዳክሞ ተገኘ። ልብ ሊባል የሚገባው፣ መዳከሙ ነዳጁ በነካው ቦታ ብቻ አለመወሰኑ ነው። ነዳጅ ባልነካው የሰውነት ክፍል በኩል ለገባ ባዕድ ነገርም የሚሰጡት ምላሽ ቀንሶ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ነዳጅ ከነካው ቆዳ የሚነሱ፣ እንደ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ያሉ ንጥረ ነገሮች የመከላከያ ሴሎችን ሥራ ያቀዘቅዛሉ።

«የጦር አውሮፕላን ነዳጅ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ይሉ ይሆናል። ጄፒ-8 በመሠረቱ ኬሮሲን ነው፤ ለምድጃ የምንገዛው ላምባም ኬሮሲን ነው። በመንገደኞች አውሮፕላን ነዳጅ የተደረገው ሙከራም ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቷል። እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም፤ አንድ ቀን ላምባ የነካው ሁሉ ይታመማል ማለትም አይደለም። ነገር ግን የመከላከያ መዳከም ሕመም የለውም፣ አይታይም፤ ስለዚህ እስኪሰማን መጠበቅ አያዋጣም። ቤንዚን ውስጥ የሚገኘው ቤንዜን የተባለው ኬሚካል ደግሞ ነጭ የደም ሴሎች የሚመረቱበትን መቅኔ እንደሚጎዳና የደም ካንሰር እንደሚያስከትል በሰው ላይ የተረጋገጠ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች ግራሶ ውኃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ ስለሚከለክል ለውዱእ ብለው በየሰላቱ ሰዓት በናፍጣ ይታጠባሉ። ዓላማቸው መልካም ነው፤ ቆዳቸው ግን በቀን ደጋግሞ ነዳጅ ይጠጣል። የተሻለ መንገድ አለ። እጅዎን በጥቂት የምግብ ዘይት ያሹት፤ ግራሶው ሲላላ በሳሙናና በሰጋቱራ ፈትገው በውኃ ያለቅልቁት።

ከነዳጅ ጋር የሚሠሩ ሰዎች «ወተት መርዝ ያረክሳል» ሲሉም ይሰማል። ወተት ገንቢ ምግብ ነው፤ በቆዳ የገባን ነዳጅ ግን አያጥብም። ጥሩ ምግብ ሰውነትን ያጠነክራል እንጂ የጥንቃቄን ቦታ አይተካም። ናፍጣ በሚሸት እጅ እንጀራ መቁረስ ደግሞ ነዳጁን ወደ አፍ ማድረስ ነው።

እናቶችም ለቅማል ብላችሁ በልጆቻችሁ ራስ ላይ ላምባ አትቀቡ። የልጅ ቆዳ ስስ ነው፤ እሳት የመያዙም አደጋ አለ። ለቅማል ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት አለ። ነዳጅ የፈሰሰበትን ልብስ ወዲያው፣ ከእሳት ርቃችሁ አውልቁ፤ ገላውንም በሳሙና ታጠቡ።

የመጨረሻው ቃሌ ለጋራዥ ባለቤቶች ነው። ተለማማጁ ልጅ «ሳሙና ይገዛልኝ» ብሎ ለመጠየቅ አይደፍርም፤ እርስዎ ካልጀመሩት የሚጀምረው የለም። ስሱ የሕክምና ላስቲክ ጓንት በነዳጅ ቶሎ ስለሚበላሽ ነዳጅ የሚቋቋም ጓንት ይግዙ፤ ከቧንቧው አጠገብም ሳሙና አይጥፋ። ለሞተር ዘይት ወጪ የሚያወጣ ጋራዥ ለሠራተኛው እጅ ሳሙና መግዛት አያቅተውም። ያ የናፍጣ ቆርቆሮ ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ማጠቢያ ብቻ ይሁን፤ እሱንም ቢሆን በጓንት።