ሲኒዋ ላይ ያለችው የሌሊት ወፍ

ባለፈው ሰሞን እዚህ ሸሕዲ አንዲት እናት ስድስት ሲኒዎች በጨርቅ ጠቅልለው ወደ መማሪያ ቤታችን መጡ። «ልጥላቸው ነው፤ ከመጣሌ በፊት ግን እስቲ እናንተ እዩልኝ» አሉን። ጨርቁን ፈታን። ነጫጭ ሲኒዎች ናቸው። ዳር ዳራቸው ላይ ክንፏን የዘረጋች ቀይ ነገር ተሥላለች። መጀመሪያ ቢራቢሮ መሰለችን። ጠጋ ብለን ስናያት ጆሮ አላት። የሌሊት ወፍ ናት!

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኒህ እናት ትንሹ ልጅ ታመመ። ትኩሳት ያዘው፤ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ጎረቤታቸው ቡና ሊጠጡ መጡና ሲኒዋን አዩ። «ይቺን የጨለማ ወፍ ቤትሽ አስገብተሽ ልጅሽ እንዴት ይዳን!» አሏቸው። እናትየዋም ደነገጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲኒ ሲደብቁና ቤት ሲያጥኑ ከረሙ። ልጁ ሦስቱንም ቀን ተኝቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ደሙ ሲመረመር ወባ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ወሰደ፤ አሁን ከእኩዮቹ ጋር ይሯሯጣል። ሦስቱ ቀን ግን እስከ ዛሬ ያስቆጨናል። አገራችን ቆላ ነው። ወባ ለትንሽ ልጅ ሦስት ቀን ላትሰጥ ትችላለች። ወባን የምታመጣው ትንኝ ናት፤ ሲኒ ወባ አያመጣም።

ወደ ወፏ እንመለስ። መጀመሪያ ግን «ሲኒ» የሚለው ስም ከየት መጣ? ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል። «ሲኒ» ማለት የቻይና ማለት ነው። ጎረቤቶቻችን ሱዳኖች ምግብ የሚያቀርቡበትን ትሪ «ሲኒያ» ይሉታል፤ እሱም ከዚያው ስም የወጣ ነው። ቡናው የእኛ፣ የዕቃው ስም የቻይና! ቡናችን እኮ በዚህ በኩል ሲወጣ የኖረ ነው። የመተማ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት በቡናና በሰም ንግድ የታወቀ ነበር።

እንዲህ ያለውን ነጭ ዕቃ መጀመሪያ የሠሩት ቻይናዎች ናቸው። ጂንግዴጄን በምትባል ከተማቸው ነጭ አፈር ያቦካሉ። ከዚያ 1300 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ እሳት ያቃጥሉታል። የእኛ ሸክላ ሠሪዎች ጀበናውን የሚያቃጥሉት ከዚያ በጣም ባነሰ እሳት ነው። ስለዚህ አዲስ ጀበና ውኃ ያዣል፤ ሲኒ አያዣም። በጥፍራችሁ መታ አድርጉት፤ እንደ ቃጭል ይጮኻል።

በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1368 እስከ 1912 ቻይናን የገዙት የሚንግና የቺንግ ነገሥታት በዚያች ከተማ የራሳቸው ምድጃ ነበራቸው። ለቤተ መንግሥት በሚሠራው የአበባ ማስቀመጫ ላይ ሥዕል እንዲሁ ለጌጥ ብቻ አይሣልም። ሥዕሉ ምርቃት ነው። ማንበብ የሚያውቅ ያነበዋል።

እንዴት? ውድ አንባብያን፣ «ሁለቱ ሰ ለምን አስፈለገን?» እያላችሁ ዘወትር ትጠይቁናላችሁ። እነሆ መልሱ። ፀሐይ ሠረቀች ማለት ወጣች ማለት ነው። ሌባው ሰረቀ ሲባል ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጆሮ አይለያቸውም፤ ፊደል ይለያቸዋል። ቻይናዎችም እንዲሁ ናቸው። የሌሊት ወፍ ስም በቋንቋቸው «ፉ» በሚል ድምፅ ያልቃል። በረከትም «ፉ» ይባላል። ሲጻፉ ይለያያሉ፤ ሲነገሩ አንድ ናቸው። ስለዚህ ሠዓሊው በረከት ለማለት የሌሊት ወፍ ይሥላል። ቀይ ያደረጋትም በምክንያት ነው። «ቀይ» የሚለው ቃላቸው «ታላቅ፣ የበዛ» ከሚለው ጋር በድምፅ አንድ ነው። ቀይ የሌሊት ወፍ የበዛ በረከት ማለት ሆነች።

አምስት ሆነው ከተሣሉ አምስት በረከቶች ናቸው፤ ረጅም ዕድሜ፣ ሀብት፣ ጤና፣ መልካም ምግባርን መውደድ፣ በስተመጨረሻም በሰላም መሞት። ይህ የመጨረሻው ገረመን። የእኛም ሽማግሌዎች «አሟሟቴን አሳምርልኝ» ብለው ይጸልዩ የለ!

ዓሣም «ዩ» ነው፤ የተረፈ ሀብትም «ዩ» ነው። ሮማን በፍሬዋ ብዛት የልጆች ምርቃት ናት። የአበባ ማስቀመጫው ራሱ «ፒንግ» ይባላል፤ ሰላምም «ፒንግ» ነው። ዘንዶ ደግሞ እኛ ዘንድ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋው ክፉ አውሬ ነው። ቻይና ውስጥ ግን ዝናብ የሚያመጣ ነው ይሉታል። ባለ አምስት ጥፍሩ ዘንዶ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነበር።

ታዲያ ሲኒዋ ሀብት ታመጣለች? ኧረ አታመጣም! ክፉ ያላመጣች ሲኒ ደግም አታመጣም። ያን ሁሉ የተሣለ በረከት ይዞ የተቀመጠው የቻይና መጨረሻ ንጉሠ ነገሥት በ1904 ዓ.ም. ዙፋኑን ለቋል። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ነጋዴ «ይሄ ባለ ዕድል ሲኒ ነው» ብሎ ዋጋ ቢጨምርባችሁ፣ የሰሊጥ ገንዘባችሁን ያዝ አድርጉ። ሲኒ የሚገዛው ስላማረና ስላልተሰነጠቀ ነው።

ይህን ሁሉ ለእናትየዋ ነገርናቸው። ዝም ብለው ሰሙን። «እንግዲያው በረከት ልጥል ነበር?» ብለው ሳቁ። ሲኒዎቹን መልሰው ጠቀለሏቸው።

እሑድ ዕለት ቡና ጠሩን። ያችው ጎረቤት አቦሉና ቶናው ካለፈ በኋላ መጡ። የደረሳቸው በረካው ነበር። እናትየዋ ሲኒውን ሲሰጧቸው ወፏን ወደ እሳቸው አዞሩት። ጎረቤትየዋ አዩዋት። እኛንም አዩን። ከዚያ እፍ እፍ ብለው ጠጡ።