ለዓይኑ ቅባት፣ ለእናቱስ?

ዓይኑ አብጦ፣ መግል ተጋግሮበት አልገለጥ ያለ የአራት ቀን ሕፃን ታቅፋ ከጨፋ ሸለቆ ወደ ጤና ጣቢያ የመጣች እናት ምን ትጠየቃለች? መቼ እንደጀመረው። ጡት ይጠባ እንደሆነ። የጡት ወተት ጠብ አድርጋበት ከሆነም ቁጣ ይጠብቃታል። ከዚያ ቲቲሲ ቅባት ይታዘዝላታል። «እህቴ፣ አንቺስ ፈሳሽ አለሽ? ባልሽንስ ሲሸና ያቃጥለዋል?» የሚላት ማነው? ደግሞስ አማቷ ከጎኗ ቆማ እንዴት ትመልስ?

የአገራችን የአባላዘር በሽታዎች ሕክምና መመሪያ እኮ የአራስ ሕፃንን የዓይን መግል ከሽንት ቧንቧ ፈሳሽና ከብልት ቁስል ጋር ነው የሰደረው። ሕፃኑ ለጨብጥም ለክላሚዲያም ይታከማል፤ እናትና አባትም አብረውት። ታዲያ ካርዱ ላይ የአባትየው ሕክምና የት ተጻፈ?

«ቅባቱ ይበቃዋል» የሚል ካለ፣ ለየትኛው ጀርም? ጨብጥ አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደ በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ይወጣል፤ ጤነኛውን የዓይን መስታወት ሰርስሮ በአንድ ሁለት ቀን ሊበሳው ይችላል። መድኃኒቱ የሴፍትሪያክዞን መርፌ ነው፤ ዓይኑም በንጹሕ የጨው ውኃ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ክላሚዲያ ዘግየት ብሎ፣ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ይመጣል። አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥም ስለሚሸሸግ በሚዋጥ መድኃኒት ካልታከመ ዓይኑ የዳነ መስሎ ከሳምንታት በኋላ ሳንባ ምች ይዞ ብቅ ሊል ይችላል። ሲወለድ የሚቀባው ቅባት መከላከያ ነው። እሱስ ቢሆን፣ በበጋ ሣር ፍለጋ ከብቶቿን ተከትላ ጨፋ ወርዳ እዚያው ለምትወልደው አርብቶ አደር ማን ያደርስላታል?

ላቦራቶሪ የለም ይባላል። ለወባና ለቲቢ የተቀመጠው ማይክሮስኮፕ ምን ሊሠራ ነው? ከመግሉ ትንሽ ስላይድ ላይ ቀብቶ ግራም ስቴይን ማድረግ ብቻ ነው፤ ጨብጡ ካለ እንደ ቡና ፍሬ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ ይታያል። ክላሚዲያ በዚህ አይታይም፣ እውነት ነው። ግን ሆስፒታሎች ለቲቢ የሚጠቀሙበት ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ለክላሚዲያና ለጨብጥ የሚሆን ካርትሪጅም ተሠርቶለታል። ለምን አይገዛም?

ክላሚዲያን ደግሞ አናውቀውም እንዳንል፣ ትራኮማን የሚያመጣው ያው የጀርም ዝርያ አይደለም እንዴ? የዓይኑና የብልቱ በዓይነት ይለያዩ እንጂ ስማቸው አንድ ነው። የአማራ ክልል ለትራኮማ ስንቱን ሕዝብ አሰልፎ፣ በቁመት መለኪያ እንጨት እየለካ አዚትሮማይሲን አድሏል! ለአዋቂ የሚሰጠው አንድ ግራም፣ ማለትም ባለ 250 ሚሊግራሙ አራት ፍሬ ነው። የብልት ክላሚዲያ ሲታከም የኖረውም በዚሁ ልክ ነው። ለሚሊዮኖች ያልከበደ መድኃኒት ለአንድ ባል ሲሆን የሚከብደው ምኑ ነው?

ትዳር እንዳይፈርስ ብለን ነው እንበል። ጨብጥ ዓይን ላይ በተገኘ ቁጥር ጥፋተኛ የሚፈለግ ከሆነ፣ በ1980 ዓ.ም. አካባቢ ኮንሶ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ዓይን ያሳመመው የጨብጥ ወረርሽኝ ምን ሊባል ነው? ያ ከዓይን ወደ ዓይን ነበር የተዛመተው። በአራስ ሕፃን ላይ ግን መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከእናቱ ማህፀን በር ነው ያገኘው። እሷ ምንም ሳይሰማት ይዛው ኖራ ሊሆን ይችላል፤ ባልየውም እንዲሁ፣ ወይም ፋርማሲ ጎራ ብሎ ክኒን ገዝቶ ለብቻው ድኖ ይሆናል። ሕፃኑ በመርፌ ድኖ ቤቱ ሲመለስ፣ እናትየው ሳትታከም ቀርታ በሚቀጥለው ዓመት ስትወልድ፣ የሁለተኛው ልጅ ዓይን በየትኛው ሪፖርት ሊገባ ነው?