«አማራጭ አለህ» ይሉታል

ደቻቱ ዳር አንድ ጎረቤት ልጅ አለኝ። ለነጋዴዎች የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙ ታዲያ የተቀመጠው ድሬዳዋ ሳይሆን ባሕር ማዶ በተከራያቸው ሰርቨሮች ላይ ነው፤ «ክላውድ» የሚሉት ይኼንኑ ነው። ሰርቨሮቹ ሌሊት ቢቆሙ በምን ያውቃል? ስለዚህ እነሱን ቀን ከሌት እያየ፣ ችግር ሲገጥም ስልኩን የሚያንጫርር ሌላ ፕሮግራም ተከራየ። ዘበኛ ቀጠረ በሉት።

ባለፈው የዘበኛውን ደመወዝ መክፈያ አሳየኝ። የወር አለ፣ የዓመት አለ፣ በተጠቀሙት ልክ የሚከፈልም አለ።

«አቦ ጋሼ፣ አማራጭ እኮ አለው!» አለኝ።

እኔን የሚያናድደኝ ይኸው አማራጭ የሚሉት ቃል ነው። የልጁን ድርጅት ልተወውና በዚህ ሥራ ስሙ የገነነውን ዴታዶግን እንይ። ለዓመታት በዋጋ ዝርዝሩ ያሰፈረው መነሻ ዋጋ፣ የዓመት ውል ለገባ በአንድ ሰርቨር በወር 15 ዶላር፣ ውል ላልገባ 18 ዶላር የሚል ነው። 10 ሰርቨር ያለው ሰው በዓመት 1,800 ወይም 2,160 ይከፍላል ማለት ነው። 360 ዶላሩን የሚቀጣው ማነው? በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ነዋ!

በዚያ ላይ ሒሳቡ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዓመቱን አስቀድሞ የከፈለ ያን ጊዜ ተኝቶ አሳለፈው። በየወሩ የሚከፍለው ግን ዋጋው አንድ ሳንቲም ሳይጨምር በብር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ጅምላ መቼም ከችርቻሮ ይረክሳል» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ቀፊራ ገበያም ይረክሳል። ነገር ግን ከቀፊራ በችርቻሮ የገዛሁት ስኳር 24 ሰዓት ሞላው ተብሎ ከጣሳዬ አይጠፋም። የስልኩ የቀን ጥቅል ግን ይጠፋል። የሚገዛው ደግሞ የቀን ሠራተኛው፣ ባለ ጋሪው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ። ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን በዚችው በድሬዳዋ ሲጀምር ፉክክር መጣ ብለን ደስ አለን። ሁለተኛ ሻጭ አገኘን፤ የቀን፣ የሳምንት፣ የወር የሚለው ድርድር ግን ያው ነው።

የኢንተርኔት ጥቅሉስ ይሁን፣ ቢቀር ቢቀር ፊልም ነው የሚቀረው። ጥበቃ ግን ሌላ ነገር ነው። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. ግን ከላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ጨረሰ። ለዚያች ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ዓመቱን ሙሉ ምንም ባያይ ደመወዙን በከንቱ በላ አይባልም። የሰርቨር ዘበኛም (ነፍስን ከንብረት ማወዳደሬ አይደለም) የሚፈለገው ለአንዲት ሌሊት ነው። ታዲያ ክፍያው ሦስት ቀን ስለዘገየ፣ ያውም ደንበኛው ገንዘብ አጥቶ ሳይሆን የባንክ ካርዱ ዶላር እምቢ ስላለው፣ በሩን ጥሎ የሚሄድ ዘበኛ ምን ይባላል? ቢያንስ የአሥራ አምስት ቀን ዕድሜ ይስጡ! ያልተጠቀሙበትም ወደሚቀጥለው ወር ይሻገር። ይኼን የምለው ለባሕር ማዶዎቹ ብቻ አይደለም፤ የነሱን ዋጋ ዝርዝር እያዩ ለነጋዴው ሶፍትዌር በወር ማከራየት ለጀመሩት ለኛዎቹም ጭምር ነው።

ልጁን የትኛውን መረጥክ አልኩት። የወሩን ነው አለኝ፤ ሲጠበው ያጠፋዋል። መቼ መቼ እንደሚያጠፋው ጠየቅኩት።

«ሐምሌና ነሐሴ። ገበያው ቀዝቃዛ ነዋ ጋሼ።»