«አባቴ ቱቦውን አላስተክልም አለኝ!»

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 23 ነው። ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ። ቤተሰቦቼ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። መብራት ይመጣል ይሄዳል፤ ነፋስ ግን ጠፍቶ አያውቅም። ትንሽ የነፋስ ተርባይን ሠርቼ በቱቦ ጣሪያ ላይ ልተክል ስል አባቴ «ቤቴን አፍርሰህ ወንድምህን ልትገድል ነው?» ብሎ ከለከለኝ። ሲበላሽ እየወጣ የሚያስተካክልልኝ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ከአባቴ ጋር ከተኳረፍን ወር ሞላን። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን እንንገርህ፤ እኛም የምንፈርደው ለአባትህ ነው! ተርባይን ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲንጫጫ ያድራል፣ ምስማሩም ይላላል። ደግሞም ጣሪያ አጠገብ ያለው ነፋስ የተበጠበጠ ነው። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ከፍታ ትርፍ አለው። ተርባይን በ150 ሜትር ዙሪያ ካለው ቤትና ዛፍ ቢያንስ 9 ሜትር ከፍ ማለት አለበት።

ታዲያ ማን ይወጣል? ማንም! ቱቦው ራሱ ይውረድ።

ባለ 6 ሜትር ሁለት የውሃ ቱቦ (ባለ 2 ኢንች) አጥብቀህ ቀጥል። እግሩን ኮንክሪት ውስጥ በተቀበሩ ሁለት ብረቶች መሐል በወፍራም ብሎን አስረው፤ እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል። ከእግሩ ላይ በማዕዘን የቆመ ሌላ ባለ 4 ሜትር ቱቦ አያይዝ፤ ይኼ ማንሻ ክንድ ነው። ያለሱ የተኛን ቱቦ ከመሬት ብትጎትት ወደ እግሩ ትገፋዋለህ እንጂ አይነሳም።

በአራት አቅጣጫ፣ ከእግሩ 6 ሜትር ርቀት ላይ፣ የካቦ ማሰሪያ ቅበር። ካቦው ቱቦውን ሁለት ቦታ ይያዘው፦ መቀጠያው ላይና ከክንፎቹ ጫፍ ዝቅ ብሎ። የግራና የቀኙ ማሰሪያ ከብሎኑ ጋር በአንድ መስመር፣ በእኩል ከፍታ ይሁን። መሬቱ ተዳፋት ከሆነና አንዱ ከፍ ካለ፣ ቱቦው ሲነሳ አንዱ ካቦ ይላላል፣ ሌላው ተወጥሮ ቱቦውን ያጣምማል። የፊተኛው ካቦ ክንዱ ላይ ይታሰራል። የኋለኛውን ልክ አስቀድመህ ቁረጠው፤ ቱቦው ቀጥ ሲል ይዞ ያስቀረዋል፤ አለዚያ ወደ ሌላው ወገን ይደፋል።

በእጅ እንዳትጎትቱ! ቱቦው 60፣ ተርባይኑ 15 ኪሎ ቢሆን፣ ከመሬት ሲነሳ ክንዱን የሚጎትተው ካቦ 160 ኪሎ ያህል ይሸከማል። ከባዱ ሰዓት መጀመሪያው ነው። ስለዚህ ፓራንኮ ተከራይ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት ሥራ። ስታወርድ፣ ዲናሞው ባለ ማግኔት ከሆነ ሦስቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኝ፤ ክንፉ ይዘገያል። ቱቦው በሚወድቅበት መስመር ሰው፣ ከብት፣ በተለይም የመብራት ሽቦ አይኑር። ግቢው 12 ሜትር ተኝቶ የማያስተኛ ከሆነ፣ ይቅርብህ።

ለዕርቁ ሽማግሌ መላክ አያስፈልግም። ሁሉን ወረቀት ላይ ሥለህ «አባዬ፣ ማንም አይወጣም» በለው። መጀመሪያ ያለ ተርባይን አንሳና አውርድ፤ አባትህም ራቅ ብሎ ቆሞ ይይ። ዓይኑ ካመነ ልቡ ይከተላል።