ሚዛን የማይመዝነው ብር

በሃርጌሳ ከተማ፣ በማሕሙድ ሃይቤ ወረዳ ከሚኖሩት አማርኛ አንባቢ ቤተሰቦች መካከል ከሣጥን ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ የብር ጌጥ ያስቀመጠ አይጠፋም። የአያት ድሪ፣ በክርስትና ዕለት የታሰረ መስቀል፣ ጓደኛው የጠፋበት አልቦ፣ ወይም ከድሪው ጫፍ ትንጠለጠል የነበረች የብር ጆሮ ኩክ ማውጫ ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ ሲደርስ ወይም ከአገር ቤት የሕመም ወሬ ሲመጣ ያ ጨርቅ ይፈታል። ጌጡ ወደ ወርቅና ብር ነጋዴ ይወሰዳል፤ ነጋዴውም ሚዛን ላይ ያኖረዋል። ማን ሠራው፣ ማን አጌጠበት፣ ለየትኛው ሠርግ ተሰጠ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ግራሙ ይነበባል፣ ለእድፉ ተብሎ ጥቂት ይቀነሳል፣ ገንዘቡ ይቈጠራል። የአንድ አንጥረኛ እጅ ቀናት የደከመበት ሥራ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ስም የሌለው ማዕድን ይሆናል።

የቸገረውን ሰው በዚህ መውቀስ ነውር ነው። ጌጥ ጥንትም የክፉ ቀን ባንክ ነበር፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ሃርጌሳ በራሷ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ ወደ ሐርተሼክ ለተሰደደው ሕዝብ በሰውነት ላይ ተይዞ ሊወጣ ከሚችለው ጥቂት ሀብት አንዱ ጌጥ ነው። ወቀሳው የሚገባው ለሌላ ወገን ነው። ሳይቸግረው «አሮጌ ብር ምን ያደርጋል» ብሎ የእናቱን ድሪ በሚያብለጨልጭ የዱባይ ወርቅ ለሚለውጠው፣ ከእርሱም ይልቅ አሮጌ ጌጥና ዕቃ መሰብሰብን የሥራ ፈት ጨዋታ አድርጎ ለሚያፌዘው የተማረ ሰው ነው።

የዚህ ወገን ክርክር ግን ባዶ አይደለም። «ብር ሁልጊዜ ሲቀልጥ የኖረ ነገር ነው፤ የዛሬው ሰው ቢያቀልጠው ምን አዲስ ነገር አለ?» ይላሉ። እውነት አላቸው። የሸዋው መስቀል፣ የሐረሩ አምባር፣ የሶማሌዋ ሙሽራ የአንገት ጌጥ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ጠገራ ብር ቀልጦ ነው። ጠገራው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ገንዘብ፣ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ 23ቱ ግራም ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ያንኑ ዓመት እንደ ያዘ፣ ከቪየና ሌላ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሳይቀር፣ እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት ድረስ ሲመታ ኖሯል። ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደቦች በነጋዴ ግመል ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ ይገባ ነበር። ተቀባዩ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁዎች እየቈጠረ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለይ እንደ ነበር ይታወቃል። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1937 ዓ.ም. አዲሱን ገንዘብ ሲያወጣ ጠገራው ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ፤ በየቤቱ የቀረው ደግሞ ብዙው ለአንጥረኛ ምድጃ ዋለ።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ልዩነቱ ማቅለጡ ላይ ሳይሆን ከማቅለጡ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው። ያን ጊዜ ብሩን የሚያቀልጠው አንጥረኛ እዚያው መንደር ይኖር ነበር። የእናት አምባር ቢቀልጥ የልጅ አምባር ሆኖ ይወጣል፤ ቅርጹን የሚያውቅ እጅ፣ ስሙን የሚያውቅ አፍ በአጠገቡ አለ። ዛሬ የሚቀልጠው ብር ጥፍጥፍ ሆኖ ከአገር ይወጣል፤ ተመልሶም ድሪ አይሆንም። ድሪውን ሊሠራው የሚችለው ሰውም እየጠፋ ነው። በየመንና በኤደን በብር ሥራ የታወቁት አይሁድ አንጥረኞች ከ1949 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ከሕዝባቸው ጋር በጅምላ ወደ እስራኤል ሄዱ። የጎንደር ቤተ እስራኤል ባለ እጆችም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተደረጉት ዘመቻዎች አገሩን ለቀው ወጡ። አንድ ሞያ ባለቤቱ ሲሄድ ከእርሱ የሚቀረው የሠራው ዕቃ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መነሣት አለበት። ዛሬ «ቅርሳችን» እየተባለ የሚሞገሰውን ጌጥ የሠሩትን ሰዎች ሀበሻው «ጠይብ፣ ቡዳ» እያለ ሲሸሻቸው ኖሯል። ሶማሌውም «ቱማል» ብሎ ቀጥቃጩን ከጋብቻ አግልሎታል። በአንገቱ የሠሪውን ሥራ አንጠልጥሎ ከሠሪው ጋር ማዕድ የማይቈርስ ሕዝብ፣ የዕቃውን ሠሪ ስም አለመመዝገቡ አያስገርምም። ሚዛኑ የመጣው በቅርቡ ሊሆን ይችላል፤ ሠሪውን እንደ ሌለ መቍጠር ግን የቈየ ልማድ ነው። መሰብሰብን እንደ ከንቱ የሚያየው አስተሳሰብ ሥሩ እዚያ ድረስ ይዘልቃል።

ስለ መሰብሰብ ደስታ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ባለቤትነት ነው፤ «ይህ የእኔ ነው» የማለት ኩራት። ያ ግን ደስታው ሁሉ አይደለም፤ ከሁሉም አነስተኛው ነው ማለት ይቻላል። ዋናው ደስታ መለየትና ማገናኘት ነው። አንድ ሰው ከሃርጌሳ ገበያ ሒርሲ የተባለውን የሶማሌ የአንገት ጌጥ፣ የቍርኣን ጥቅስ የሚያዝበትን የብር ማኅደር፣ ገዝቶ ከቤቱ ካለው የኢትዮጵያ ክታብ ማኅደር ጋር ጐን ለጐን ቢያስቀምጠው፣ ሁለት ሃይማኖቶች አንዱን ፍርሃት በአንድ ዓይነት ዕቃ ውስጥ እንደ ዘጉት በዓይኑ ያያል። ጽሑፉ ይለያያል፤ ማኅደሩ፣ ጠርዙን የዞረው የብር ክር፣ ግርጌው ላይ የተንጠለጠሉት ትናንሽ ቃጭሎች ግን እጅግ ይቀራረባሉ። ይህን ነገር በመጽሐፍ ማንበብ ሌላ ነው፤ በመዳፍ ላይ ይዞ ማየት ሌላ ነው።

ወይም የሶማሌ ሴቶች በክር ሰክተው የሚያደርጉት አምበር የተባለው ትልልቁ ቢጫ ዶቃ ይታሰብ። እውነተኛው አምበር የጥንት ዛፍ ሙጫ በዘመናት ብዛት ደንድኖ የሚገኝ ነው፤ ጨው እጅግ በበዛበት ውኃ ላይ ይንሳፈፋል። ከሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በጀርመን አገር ከሰው ሠራሽ ሙጫ እየተሠራ ወደ አፍሪካ የተላከው ዶቃ ግን ይሰምጣል። ጨውና ብርጭቆ ያለው ሁሉ ሊፈትነው ይችላል። ዕውቀት ነኝ የሚለው ገዢ የሰመጠውን «አርቲፊሻል ነው» ብሎ ይጥላል። በዚህም ስሕተት ይሠራል፤ ከጀርመን ፋብሪካ ተነሥቶ በመርከብ መጥቶ በአንዲት አርብቶ አደር ሙሽራ አንገት ላይ ሁለት ትውልድ የኖረ ዶቃ ታሪክ የለውም ማለት ዕቃውን በሚዛን ካልሆነ በሌላ ዐይን ለማየት አለመቻል ነው። ሻጩ እውነተኛ አምበር ነው ብሎ ዋጋ ካልሰቀለ በስተቀር ዶቃው ማንንም አላታለለም።

ከዚህ ከበድ ያለው ክስ ሌላ ነው፦ «ሰብሳቢ ማለት ዘራፊ ነው» የሚለው። ለዚህ ማስረጃው መቅደላ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ አምባ የወሰደውን ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀልና ብራና በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች አስጭኖ በደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጠው፤ የብሪቲሽ ሙዚየምም የራሱን ሰው ልኮ ገዛ። ያ መሰብሰብ ከነበረ በእርግጥም መሰብሰብ ስሙ ጠፍቷል። ዳሩ ግን ከዚያ ክፉ ታሪክ የሚመዘዘው መደምደሚያ «ማንም አይሰብስብ» የሚል ከሆነ፣ ሜዳው ሁሉ ለውጭ ገዢና ለምድጃው ይለቀቃል። የሐረሩ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ የከተማቸውን ጌጣጌጥ፣ ብራና፣ ሳንቲምና የድምፅ ቅጂ በግላቸው ሰብስበው፣ ዛሬ ስብስቡ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ለሕዝብ ይታያል። አቶ ሲራክ አስፋው በሮተርዳም ቤታቸው በ1998 እ.ኤ.አ. ከአንድ እንግዳ ሻንጣ ያገኙትን የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ዘውድ ለሃያ ዓመት ያህል ደብቀው ጠብቀው፣ በየካቲት 2012 ዓ.ም. ለአገሩ እንዲመለስ አድርገዋል። ሃርጌሳም ለዚህ ምስክር አታጣም፤ የከተማይቱ ሬዲዮ ሙዚቃ ከቦምብ ለማዳን ከመሬት በታች የተቀበረ ነው፣ በከተማይቱ የባህል ማእከልም በሺሕ የሚቈጠሩ አሮጌ ካሴቶች ተሰብስበው ይገኛሉ። ካሴት በሚዛን ቢሸጥ ምን ያህል ያወጣ ነበር?

ስለዚህ ክርክሩ በሰብሳቢና በሰብሳቢ መካከል እንጂ መሰብሰብ ይገባል አይገባም በሚለው ላይ አይደለም። ያለ ታሪኩ የሚገዛ ሰብሳቢ ከአቅላጩ ብዙም አይሻልም። አንዳንዱ ከገጠር ቤተ ክርስቲያን የወጣ መስቀል ሲቀርብለት ከየት እንደ መጣ አለመጠየቁን እንደ ብልኀት ይቈጥረዋል። የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ እንዳይዝ አልከለከለም፤ እንዲያስመዘግብና ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳያስወጣ ግን ያስገድደዋል። ድንበር ተሻግሮ ለሚኖር አንባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወደ ሃርጌሳ የመጣውን የአያት መስቀል ማቅለጥም፣ ለማያውቁት የውጭ ገዢ አሳልፎ መስጠትም ጉዳዩን አይፈታውም።

የሚፈታው ሥራ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ስንፍናን ብቻ የሚጠላ ሥራ ነው። ድሪው ከሣጥን ወጥቶ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጎጃም ወይም ወሎ ላለችው አክስት ይደወላል፤ አክስቲቱ በሕይወት እያለች፣ ጆሮዋ እየሰማ። ማን ሠራው? ከየትኛው ገበያ ተገዛ? ስንት ጠገራ ቀለጠለት? መጀመሪያ ያጌጠችበት ማን ናት፣ ሠርጓስ በየትኛው ዓመት ነበር? መልሱ በአንድ ቍራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከድሪው ጋር በዚያው ጨርቅ ይጠቀለላል። ነገ ችግር ቢያስገድድና ድሪው ቢሸጥ፣ ወረቀቱ ዐብሮ ይሰጣል፤ ወረቀቱን የማይፈልግ ገዢ ሲመጣ ሻጩ ሌላ ገዢ ይፈልግ።