ዘይቱን ማን ይቀይር?

ግንደወይን ከተማ ውስጥ በገቢ ባጃጅ የሚነዳ አንድ ወጣት እናስብ። ባጃጇ የሌላ ሰው ናት። ጠዋት ቁልፍ ይረከባል፣ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ማታ የተስማሙበትን ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል። ቤንዚኑን ችሎ የተረፈችው ብር የእሱ ናት። አንድ ቀን ጋራዥ ጎራ ሲል መካኒኩ ከሥር አየት አድርጎ «ዘይትህ ጠቁሯል፣ የአየር ፊልትሮው ታፍኗል፣ የኋላ ፍሬን ሸራህም አልቋል፤ ሳትውል ሳታድር አስቀይር» ይለዋል።

ልጁ ለባለንብረቱ ይደውላል። «ጋሼ፣ ባጃጇ ሰርቪስ ደርሶባታል፤ ፍሬኗም ሸራ ጨርሷል።»

«አንተ እየነዳሃት እኔ ልጠግን? ከምትሠራው ላይ አሠራው!»

ስልኩ ይዘጋል። ልጁም በሆዱ «የእኔ ላልሆነች ባጃጅ ለምን ኪሴን አራግፋለሁ? አሠርቼ ሳበቃ ነገ ቁልፉን ቢቀበለኝስ?» ይላል። ባጃጇ በጠቆረ ዘይቷና ባለቀ ሸራዋ ወደ ተራዋ ትመለሳለች። ከኋላ ሦስት ሰው ይሳፈራል።

ልጁ ለምሳሌ የቀረበ ነው። ክርክሩ ግን ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር፣ ሰው የሰው ተሽከርካሪ በገቢ በሚነዳበት ቦታ ሁሉ በየቀኑ ያለ ነው። ሁለት ሰዎች «አንተ ክፈል፣ አንተ ክፈል» ይባባላሉ፤ በመጨረሻ ሁለቱም አይከፍሉም። ዕዳው ልጇን አዝላ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የተሳፈረችው እናት ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ነገሩን ማድበስበስ አይገባም። ቤንዚንና የጎማ ፓንክ የነጂው ናቸው። ሰርቪስ የባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱ አልከፍልም ካለ ነጂው ከፍሎ ከገቢው ይቀንስ። ጉዳዩ ፍሬን ላይ ከደረሰ ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ ባጃጇ ትቁም።

መጀመሪያ ስለ ማሽኗ እንነጋገር። ባጃጅ አንድ ሲሊንደርና 200 ሲሲ የሚጠጋ ሞተር ያላት ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። መንገድ ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ እንደ መኪና ራዲያተር የላቸውም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርና ራሱ ዘይቱ ነው። ያ ዘይት ሲያረጅ ይቀጥናል፣ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ብረትን ከብረት ማለያየት ያቅተዋል። ሙሉ ሰው ጭና ዳገት ስትወጣ የሚፈጠረውን ሙቀት መሸከም ያቃተው ዘይት ፋሻውንና ሲሊንደሩን ያስበላል። ከዚያ ጭስ ይመጣል፣ ጉልበት ይጠፋል፣ ሞተር ይወርዳል። በጊዜው ቢሆን በጥቂት ሊትር ዘይት ያልቅ የነበረው ነገር ባጃጇን ለቀናት አቁሞ ሞተር ወደ ማሳደስ ይሸጋገራል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የፍሬኑ ነገር ከዚህ የከፋ ነው። ሸራው ሲያልቅ ብረቱ ከበሮውን መፋቅ ይጀምራል። ነጂው መጀመሪያ ድምፅ ይሰማል፣ ቀጥሎ ፍሬኑ ዘግይቶ መያዝ ይጀምራል፣ በመጨረሻ ቁልቁለት ላይ እግሩን ሲጭን የሚይዘው ነገር ያጣል። ሞተር ሲበላሽ ገንዘብ ይጠፋል፤ ፍሬን ሲበላሽ ሰው ይጠፋል። እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «ቆይ እስኪ ከበዓል በኋላ» ማለት ነውር ነው።

«ታዲያ ለምን የባለንብረቱ ይሆናል? የሚጠቀምባት ነጂው አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። የገበሬ ልጅ ይህን ለመፍታት አይቸገርም። በሬ የጎደለው ሰው ከጎረቤቱ በሬ ተከራይቶ ቢያርስ፣ የዋለበትን ቀን ገለባና ሣር ማብላት ያለበት አራሹ ነው። በሬው ቢታመም ግን መድኃኒቱ የባለቤቱ ነው፤ በሬው ሲሸጥ ብሩን የሚቆጥረው እሱ ነውና። አራሹ በሬውን ደብድቦ ወይም ገደል ነድቶ ካልጎዳው በቀር «የተከራየኸው አንተ ነህ፣ አሳክም» የሚለው ጎረቤት ቢኖር ቀዬው ይታዘበው ነበር። ቤንዚን ገለባው ነው። ሰርቪስ ጤናው ነው። ባጃጇ ነገ ስትሸጥ በደንብ የተያዘ ሞተር ዋጋዋን ይጨምራል፤ ያንን ጭማሪ የሚቀበለው ባለንብረቱ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ «አሜሪካ መኪና በሊዝ የሚወስድ ሰው ሰርቪሱን ራሱ ነው የሚከፍለው» ይላል። እውነት ነው። እዚያ መኪና ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት በሊዝ የወሰደ ሰው በውሉ የተጻፈለትን ሰርቪስ በወቅቱ ያሠራል፤ ሲመልስ ከመጠን በላይ ለተጎዳው ነገር ይጠየቃል። «የምመልሰውን መኪና ለምን እጠግናለሁ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም አለ፤ መልሱ ግን ከፊርማው በፊት በወረቀት ላይ ሰፍሯል። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። ያ ሰው ክፍያውን እስካላቋረጠና ውሉን እስካላፈረሰ ድረስ መኪናው ለሦስት ዓመት በእጁ ነው፤ ዛሬ የቀየረው ዘይት የሚጠቅመው ራሱን ነው። የግንደወይኑ ልጅ ግን በአንድ ስልክ ቁልፉን ያስረክባል። ለነገ የሚያስታምም ነገ ያለው ሰው ነው። ለነጂው አንድ ሳምንት እንኳ ዋስትና ሳይሰጡ የስድስት ወር ሰርቪስ ክፈል ማለት አሜሪካንን በግማሽ መኮረጅ ነው፤ ግዴታውን ወስዶ መብቱን መተው።

አገራችንም ይህን ልዩነት ታውቀዋለች። የካፒታል ዕቃ ኪራይ በአዋጅ ቁጥር 103/1990 ከተደነገገ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ልማት ባንክም ለአነስተኛና መካከለኛ ኢንተርፕራይዞች ማሽን በሊዝ ያቀርባል። ማሽኑ በመጨረሻ የተከራዩ በሚሆንበት ኪራይ እንክብካቤውን በተከራዩ ላይ መጣል ያስኬዳል፤ ለራሱ ንብረት እየከፈለ ነውና። በገቢ የሚነዳው ወጣት ግን አምስት ዓመት ቢያስገባም አንዲት ጎማ የእሱ አትሆንም።

ወደ ሕጉ ስንመጣ የባለንብረቱ «አያገባኝም» ጨርሶ አይሠራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 አንድ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለንብረቱን ኃላፊ ያደርጋል፤ እንዲነዳ ባልተፈቀደለት ሰው እጅ ሆኖ ጉዳት ቢያደርስ እንኳ። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ባለንብረቱ ይቁጠር። የሸራ ዋጋ ቆጥቦ የካሳ ክስ መጠበቅ ምን ዓይነት ትርፍ ነው? ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉታል ይህን።

ነጂውም ቢሆን «የሰው ንብረት ነው» ብሎ አያመልጥም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። ፍሬኑ ማለቁን መካኒክ ነግሮት፣ ድምፁን በጆሮው ሰምቶ፣ ሰው ጭኖ የወጣ ነጂ ፍርድ ቤት ቀርቦ «ባለንብረቱ አልከፍልም ብሎኝ ነው» ቢል ማን ይሰማዋል? ባለንብረቱ በካሳ ይጠየቃል፤ እስር ቤት የሚገባው ነጂው ነው። ባጃጇ የሰው ናት፣ መሪውን የያዘው እጅ ግን የራሱ ነው።

ለባለንብረቶች ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ባጃጅ ያለው ሁሉ ሀብታም አይደለም። ከደመወዙ እየቆጠበ የገዛ መምህር አለ፣ ዐረብ አገር ለዓመታት ሠርታ ባመጣችው ብር ለቤተሰቧ አንዲት ባጃጅ የገዛች እኅት አለች። እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት ነገር አለ። «ለዘይት ብዬ ብር ብሰጠው አሮጌውን ዘይት እንደያዘ ተመልሶ ይመጣል» ይላሉ። አንዳንዱ ነጂ ይህን አድርጓል። ሦስት ሰው መጫን ሲገባው አምስት የሚያጭቅ፣ ጉድጓድ ላይ የማያዝን፣ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሰው ማሽን የሚያሟጥጥም አለ። በእንዲህ ዓይነት ጥፋት የተሰበረ ነገር የነጂው ዕዳ መሆኑ አያከራክርም።

ግን ስርቆት መፍራት ሰርቪስ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ባለንብረቱ ዘይቱን ራሱ ይግዛ። መካኒኩ ሲቀይር ቆሞ ይይ፤ ከተማ ከሌለ ወንድሙን ይላክ። ኪሎ ሜትሩን በደብተር ይመዝግብ። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው። በየማታው ገቢ ለመቀበል ጊዜ ያለው ሰው፣ ዘይት ሲቀየር ለመገኘት ጊዜ አጣሁ ሊል አይችልም።

ጊዜውም ለዚህ ክርክር ደግ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ በዶላር የሚገባ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በሰኔ 2014 መጨረሻ በሊትር 47 ብር ከ83 ሳንቲም የሆነው ቤንዚን፣ በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዋና ከተማው ርቆ በሃይላንድ ጠርሙስ መንገድ ዳር የሚገዛ ነጂ ስንት እንደሚከፍል ራሱ ያውቀዋል። በዚያ ላይ ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ነጂው ሳይሠራ ይውላል፣ ዕቃም ሳይገባ ይቆያል። ብዙ ባለንብረት ከዚህ የሚያወጣው ድምዳሜ «ኑሮ ተወዷል፣ ሰርቪሱ ይቆይ» የሚል ነው። ትክክለኛው ድምዳሜ ተቃራኒው ነው። መተኪያው በተወደደ መጠን ያለውን መጠበቅ ይበልጥ ያዋጣል። ፊልትሮው የታፈነ ሞተር ቤንዚን በከንቱ ይበላል፤ ያ ብክነት መጀመሪያ የሚወጣው ከነጂው ኪስ ነው።

ስለዚህ በግንደወይንም ሆነ በየትኛውም ከተማ የሚከተሉት አራት ነገሮች ቢደረጉ ይህ ሁሉ ጭቅጭቅ ይቀላል።

1. ውል ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል። ገቢው ስንት ነው? ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር፣ በማን ገንዘብ ይቀየራል? ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ የማን ነው? መንገድ ተዘግቶ በሚዋልበት ቀን ገቢ አለ ወይስ የለም? ሁለት ምስክር ይፈርምበት።

2. በየሳምንቱ ከገቢው ላይ ጥቂት ብር ለሰርቪስ ይቀመጥ። ለምሳሌ የቀን ገቢው 500 ብር ነው እንበል። ከእያንዳንዱ ቀን 30 ብር ቢነሳ፣ በወር 26 ቀን ለሚሠራ ባጃጅ 780 ብር ይጠራቀማል። ባለንብረቱ በአንድ ቀን ከኪሱ ሲወጣ የሚያመው ብር እንዲህ ተከፋፍሎ ሲወጣ አይሰማውም።

3. ባለንብረቱ እንቢ ካለ ነጂው ጊዜው ያለፈበትን ሰርቪስ ያሠራና ደረሰኝ ይያዝ፤ አሮጌውን ዕቃ አይጣል፤ ሁለቱንም አሳይቶ ከገቢው ይቀንስ። ከመሥራቱ በፊት በስልክ ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት ያሳውቅ። ነገ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆነዋል።

4. የባጃጅ ማኅበራትና የወረዳው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ ላይ ብቻ አይንጠልጠሉ። ቦሎ በዓመት አንዴ የሚለጠፍ ወረቀት ነው፤ ሸራ በወራት ውስጥ ያልቃል። ማኅበሩ ተራ ሲያስይዝ የሰርቪስ ደብተር ቢጠይቅ ወጪ የለውም።

«ነጂው ይህን ካደረገ ቁልፉን ይነጠቃል» የሚል ስጋት ይነሳል። ሊሆን ይችላል፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ነው ጉዳዩ ለአንድ ልጅ ድፍረት የሚተው ያልሆነው። በአንድ ተራ ላይ የቆሙ ነጂዎች ሁሉ «ያለ ፍሬን አንወጣም» ካሉ ባለንብረቱ የሚሰጠው ሌላ ሰው አያገኝም። አንዱ ሲያቆም ሌላው ቁልፉን የሚሻማ ከሆነ ግን በገዛ እጃቸው የራሳቸውን ሕይወት ዋጋ አርክሰዋል።

ያ ስልክ ነገም ይደወላል። «ጋሼ፣ ፍሬኗ ሸራ ጨርሷል።» ባለንብረት የሆነ ሰው ያኔ ሊመልሰው የሚገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አቁማት፣ መጣሁ።»